ሃሎ፦ ሰላምታ ያልነበረው ቃል

በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። ማርጋሬት ሄሎ የምትባል ልጅ ነበረች ይላል። የስልክ ፈልሳፊው የአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ፍቅረኛ ናት። ቤል ስልኩን ሠርቶ እንደጨረሰ መጀመሪያ የደወለው ለእሷ ነው። ስሟን ጠራ፤ «ሄሎ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓለም ሁሉ ስልክ ባነሳ ቁጥር የእሷን ስም ይጠራል። የፈልሳፊው ስም ይረሳ ይሆናል፣ የፍቅረኛው ግን አይረሳም ብሎ ይጨርሳል። እኔም ጋ ብዙ ጊዜ ደርሷል። የላኩልኝ ሰዎች ከልባቸው ወድደውት ነው።

ታሪኩ ፈጠራ ነው። እንዲህ የምትባል የቤል ፍቅረኛ አልነበረችም። እኔን የሚቆጨኝ እውነተኛው ታሪክ ሳይነገር መቅረቱ ነው። ፍቅር ካስፈለገ እዚያ ውስጥ አለ። ጀግኖች ሴቶችም አሉበት። እኛም በስተመጨረሻ እንገባበታለን። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቤል የወደዳት ሴት ሜብል ሃባርድ ትባላለች። በ5 ዓመቷ ስካርሌት ፊቨር የሚባል በሽታ ያዛትና መስማት ተሳናት። የቤል ዋና ሙያ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ንግግር ማስተማር ነበር። ሜብልም ተማሪው ነበረች። የገዛ እናቱም የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ሴት ነበሩ። ሰውየው ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚጓዝ ሲያስብ የኖረው ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሆኖ ነው። ሁለቱ የተጋቡት ጁላይ 11 ቀን 1877 ነው። የቤል የስልክ ኩባንያ ከተቋቋመ ገና 2 ቀኑ ነበር። ሙሽራው ከነበረው አክሲዮን 10 ብቻ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን በሙሉ ለሙሽራይቱ ሰጣት።

ሜብል ሰው ሲናገር የምትረዳው ከንፈሩን እያየች ነው። ስልክ ደግሞ ከንፈር አያሳይም። ባሏ የሠራውን ዕቃ ሌላው ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ሲደግን፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቃል አልሰማችበትም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ስለ ማርጋሬት የሚወራው ሁሉ ቀልሎ ይታየኛል።

ታዲያ «ሄሎ»ን ማን አመጣው?

ቤል አይደለም። ማርች 10 ቀን 1876 ቦስተን ውስጥ በስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ዓረፍተ ነገር «ሚስተር ዋትሰን፣ ወደዚህ ይምጡ፤ ላይዎት እፈልጋለሁ» የሚል ነበር። ዋትሰን ረዳቱ ነው፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰምቶ መጣ። እዚህ ላይ ሰላምታ የለም። ጥሪ ነው። በኋላም ቤል ስልክ ሲያነሳ ይወደው የነበረው ቃል «አሆይ» ነው። መርከበኞች ከመርከብ መርከብ የሚጠራሩበት ቃል ነው። ቤል ዕድሜውን ሙሉ በእሱ ጸና፤ ተከታይ ግን አላገኘም።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን ስልክ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች እንደ ዛሬው አይጠሩም። ሁለት ቢሮዎች በአንድ ሽቦ ይገናኛሉ፤ መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። አንዱ ማውራት ሲፈልግ ሌላው ወዲያኛው ጫፍ ላይ መኖሩን በምን ያውቃል? አንዳንዱ የስልኩን አፍ በእርሳስ ያንኳኳ ነበር። ደወል ይገጠም የሚሉም ነበሩ። ደወል ግን ወጪ ነው።

በ1877 ኦገስት ላይ ቶማስ ኤዲሰን ፒትስበርግ ውስጥ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለሚመራ ዴቪድ ለሚባል ወዳጁ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የመጥሪያ ደወል የሚያስፈልገን አይመስለኝም፤ «ሄሎ» ከተባለ ከ10 እስከ 20 ጫማ ድረስ ይሰማል፤ አንተ ምን ትላለህ? በእኛ ልኬት ከ3 እስከ 6 ሜትር መሆኑ ነው። አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ሌላ ሥራ እየሠራ ከጠረጴዛው ላይ ድምፅ ይጠራዋል ማለት ነው። ይህ ደብዳቤ ከመቶ ዓመት በላይ በኩባንያ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያገኘው አለን ኮኒግስበርግ የተባለ የብሩክሊን ኮሌጅ መምህር ነው፤ ወሬው በጋዜጣ የወጣው በ1992 ነው። እስከዚያ ድረስ ቃሉን ወደ ስልክ ማን እንዳመጣው በጽሑፍ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም።

ኤዲሰን ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ይህን ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። ስልክን የሠራው ሰው እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። በስልክ የምንጠራራበትን ቃል የመረጠው ሰው ደግሞ ጮክ ካላሉት የማይሰማ ነው። «ሄሎ» ለስለስ ተደርጎ የሚነገር የጨዋ ሰላምታ አይደለም። እንዲሰማ ተብሎ የተመረጠ ጩኸት ነው።

ቃሉን ኤዲሰን አልፈጠረውም። «ሄሎ» በአሜሪካ ጋዜጣ ላይ በ1820ዎቹ ታትሞ ይገኛል። ከእሱ በፊት ደግሞ «ሃሎ»፣ «ሆላ»፣ «ሃሉ»፣ «ሁሎ» የሚሉ ዘመዶች ነበሩት። አዳኞች ውሾቻቸውን ለማበረታታት «ሃሉ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። መንገደኛም ከሩቅ ያየውን ሰው ለማስቆም ይጠራበታል። የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ከጥንታዊ ጀርመንኛ «ሃላ» ወይም «ሆላ» ከሚል ቃልም ጋር ያዛምዱታል። «አምጣ» ከሚል ግሥ የወጣ የትእዛዝ ቃል ነው፤ ሰዎች ከወንዝ ማዶ ያለውን ጀልባ ቀዛፊ ይጠሩበት ነበር ይላሉ። በእንግሊዝኛ ሌላም አገልግሎት ነበረው። አንድ ያልጠበቁት ነገር ሲያዩ «ሄሎ! ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ። እኛ «ውይ!» ወይም «እንዴ!» እንደምንለው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰላምታ የለም። እንግሊዞች ሲገናኙ «መልካም ጠዋት»፣ «እንዴት ነዎት» ይባባሉ ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ደግሞ «ዌስ ሃል» የሚል ሰላምታ ነበራቸው። «ጤና ሁን» ማለት ነው። የእኛን «ጤና ይስጥልኝ» የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። «ሃል» የሚለው ሥር ዛሬ ጤና ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ የሆነው ነው። ብዙ ሰው በድምፅ መመሳሰል ተስቦ «ሄሎ»ም ከዚሁ «ሃል» የወጣ ነው ይላል። መዛግብተ ቃላቱ ግን ወደ ጩኸቱ ይመልሱታል። እንግሊዝኛ የጤና ሰላምታ ነበረው፤ ጣለው። ከዘመናት በኋላ በምትኩ የአዳኝና የመንገደኛ ጥሪ አነሳ።

የሚገርመው አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ጥሪ የራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ማዶና ማዶ ሆነው ሲጠራሩ መጀመሪያ ሰላምታ የለም። «ኧረ አንተ እገሌ!» ይባላል፤ ድምፁ ሸለቆውን እስኪሻገር ይጎተታል። ከወዲያ «ኦይ!» ወይም «አቤት!» ይመጣል። ሰላምታው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ደጅ ሲደርሱም እንደዚሁ ነው። «ቤቶች!» ይላል እንግዳው። «ደጆች!» ይላሉ ከውስጥ። «ቤቶች» ሰላምታ አይደለም። ሰው አለ ወይ ማለት ነው። ወደ ንጉሥ ወይም ወደ ዳኛ የሚጮኸው ባለጉዳይም «አቤት! አቤት!» ነበር የሚለው። አቤቱታ የሚለው ቃል ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ልሰማ፣ ከዚያ ጉዳዬን ልናገር ነው ነገሩ።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በ1878 ጃንዋሪ ላይ ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ የመጀመሪያው የንግድ የስልክ ማዞሪያ ተከፈተ። ሲጀመር 21 ደንበኞች ነበሩት። በየካቲት የወጣው የመጀመሪያ የስልክ ማውጫ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ቁጥር የለውም፤ 50 ስሞችን ዘርዝሮ ያበቃል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የወጣው መጽሐፍ መልክ ያለው ማውጫ ግን ለደንበኞች መመሪያ ጨመረ። ንግግራችሁን «ሁሎአ!» ብላችሁ ጀምሩ ይላል። ስትጨርሱ «ይኸው ነው!» በሉ፤ የሚሰማው ሰው «ኦኬ» ይበል። በአንድ ጊዜ ከ3 ደቂቃ በላይ አታውሩ። በሰዓት ከ2 ጊዜ በላይ መስመሩን አትያዙ።

ይህን መመሪያ እወደዋለሁ። ሰዎች ፊት የሌለበት ወሬ እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት እንደሚያልቅ ገና አያውቁም ነበር። ፊት ለፊት ስንሆን ዓይን አለ፣ እጅ አለ፣ ከመቀመጫ መነሳት አለ። ሽቦ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ መግቢያውም መውጫውም በመጽሐፍ ተጽፎ ተሰጣቸው። «ይኸው ነው» የሚለው መዝጊያ አልያዘም። «ሁሎአ» ግን «ሄሎ» ሆኖ ያዘ።

ያስያዙት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያ በማዞሪያዎቹ ላይ የተቀጠሩት ከቴሌግራፍ ቤት የመጡ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ደንበኛ ይሳደባሉ፣ ይቀልዳሉ፣ መስመር ያምታታሉ። በ1878 ሴፕቴምበር 1 ቀን ቦስተን ላይ ኤማ ናት የምትባል ወጣት ተቀጠረች። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሥራው የሴቶች ሆነ። ሕዝቡም «ሄሎ ገርልስ» ብሎ ጠራቸው፤ የሄሎ ልጃገረዶች። ስሙ ከሥራቸው ይልቅ ቀለል አድርጎ ያሳያቸው ነበር። ሥራው ግን ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ገመዶችን እየነቀሉ እየሰኩ ሰውን ከሰው ማገናኘት።

በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ፈረንሳይ ያለው ጦር አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግ የስልክ መስመሮቹ እንዳልሠሩለት አየ። ወታደሮቹ ማዞሪያ ላይ ቀርፋፋ ናቸው፤ ፈረንሳይኛም አያውቁም። ሴቶች ኦፕሬተሮች ይላኩልኝ አለ። በሺህ የሚቆጠሩ አመለከቱ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉት ተመርጠው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ የደንብ ልብስ ለብሰው 223 ሴቶች ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። መሪያቸው ግሬስ ባንከር ናት፤ ገና በ20ዎቹ ውስጥ ነበረች። ትእዛዝ ከጦር አዛዥ ወደ ምሽግ የሚደርሰው በእነሱ ጣት ነበር። በ1918 መጸው በተካሄደው የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ ላይ ከግንባሩ አቅራቢያ ሆነው ይሠሩ ነበር። ሰፈሩ በእሳት ሲያያዝም ውጡ ተብለው እስኪታዘዙ ድረስ ከማዞሪያቸው አልተነሱም። ሁለቱ በሕመም እዚያው ፈረንሳይ ሞቱ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ባንከር ከፍተኛ የጦር ሜዳሊያ ተሸለመች። ሲመለሱ ግን መንግሥት ለሁሉም አንድ መልስ ሰጣቸው፦ እናንተ ወታደር አልነበራችሁም፤ ሲቪል ተቀጣሪዎች ናችሁ። የሕክምና መብት የለም። ጡረታ የለም። ምላችኋል፣ ዩኒፎርም ለብሳችኋል፣ ግን ወታደር አይደላችሁም። ሜርል ኢገን አንደርሰን የምትባል ከመካከላቸው አንዷ ለአሥርታት ደብዳቤ ስትጽፍ ኖረች። ሕጉ የተስተካከለው በ1977 ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር ሲፈርሙበት ከ223ቱ በሕይወት የነበሩት ጥቂቶች ነበሩ። ግሬስ ባንከር በ1960 ሞታለች፤ አላየችውም። የ«ሄሎ» ታሪክ ለሰው የሚነገር ከሆነ በፍቅረኛዋ ማርጋሬት ፋንታ እነዚህ ሴቶች ቢነሱ እመኛለሁ። እነሱ በእርግጥ ነበሩ። ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ ደብዳቤያቸው አለ።

ቃሉ ወዲያውኑ የተወደደ አይምሰላችሁ። ጨዋ ነን የሚሉ ሰዎች ነውር ነው አሉ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የስልክ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ደንበኞቻቸውን «ሄሎ» አትበሉ ይሏቸው ነበር። ሰው ቤት ስትገቡ «ሄሎ! ሄሎ! ከማን ጋር ነኝ?» ብላችሁ ትጮሃላችሁ ወይ? ስማችሁን ተናገሩ እንጂ። ኦፕሬተሮቹም በሥራ ላይ «ቁጥር፣ እባክዎ» እንዲሉ ተደርገው ነበር። ምንም አልረዳም። ቃሉ ከስልኩ ወጥቶ መንገድ ላይ ወረደ። ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙም «ሄሎ» ማለት ጀመሩ። ጩኸቱ ሰላምታ የሆነው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ሌላውን ወሬም ላንሳ፤ በእኛም ሰፈር ስለሚሰማ። «ሄሎ» የሚለው ቃል «ሄል» ከሚለው፣ ከሲኦል የመጣ ነው፤ ስለዚህ ክርስቲያን አይበለው የሚሉ አሉ። በ1997 ቴክሳስ ውስጥ ክሌበርግ የሚባል አውራጃ ምክር ቤት በዚህ ምክንያት «ሄቨን-ኦ» የሚል ሰላምታ በይፋ ደግፎ ወስኗል። ሄቨን ማለት ሰማይ፣ መንግሥተ ሰማያት ነው። ሁለቱ ቃላት ግን ዝምድና የላቸውም። ሲኦል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መሸፈን፣ መሰወር ከሚል ጥንታዊ ሥር የወጣ ነው። «ሄሎ» ግን ማንንም ከምንም ጋር አያያይዝም፤ ስሙኝ ማለት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የሚጨነቅ ሰው ካለ በሰላም ይበለው።

ስልክ ወደ ሌላው ዓለም ሲሄድ ቃሉም አብሮት ሄደ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዮች «አሎ» ይላሉ፤ ለስልክ ብቻ። መንገድ ላይ ለተገናኙት ሰው «አሎ» የሚል ፈረንሳዊ የለም። ሩሲያውያንም «አሎ»፣ ቱርኮችም «አሎ»፣ ዓረቦችም «አሎ»፤ ሁሉም ለስልክ። እስራኤል ውስጥ በዕብራይስጥም «ሃሎ» ይባላል። የራሳቸውን የመረጡም አሉ። ጣሊያኖች «ፕሮንቶ» ይላሉ፤ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ሜክሲኮዎች «ብዌኖ»፣ ጃፓኖች «ሞሺ ሞሺ»። ጃፓንኛው «እናገራለሁ፣ እናገራለሁ» ከሚል የትሕትና ቃል የመጣ ነው።

እኛ ደግሞ «ሃሎ» አልን። ለስልክ ብቻ።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ራስ መኮንን ከጣሊያን ሲመለሱ ይዘውት እንደመጡና ካህናቱ የሰይጣን ድምፅ ነው ብለው እንደተቃወሙት፣ ንጉሡ ግን እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። ከ1894 ጀምሮ ደግሞ ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ለዕቃው የሰጠነው ስም «ስልክ» ነው፤ በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ ሽቦ የሌለውን ነገር ኪሳችን ውስጥ ይዘን ሽቦ እያልን እንጠራዋለን። ስሙ ከዕቃው ይልቅ ዕድሜ አለው።

የአማርኛው «ሃሎ» ከእንግሊዝኛው «ሄሎ» ይልቅ ለጥንቱ ፍቺ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ። እስቲ ስልካችንን እናዳምጥ። «ሃሎ» ብለን አናበቃም። «ሃሎ… ሃሎ እማዬ? ይሰማሻል? እንደምን አደርሽ? ደህና ነሽ ወይ? አባዬስ? እግዚአብሔር ይመስገን።» ሰላምታው «ሃሎ» ካለቀ በኋላ ይጀምራል፤ ረጅም ነው፤ በየተራ ነው። «ሃሎ» ራሱ የሰላምታው ክፍል አይደለም። ማዶ ያለው ሰው መኖሩን የምናረጋግጥበት ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ በወሬው መሃል ይመለሳል። «ሃሎ! ሃሎ! አለሽ?» መሃል ላይ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው የለም። መሃል ላይ የሚጮኸው የጠፋውን የሚጣራ ነው።

እኔ ይህን ቃል የተማርኩት ስልክ ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አጎቴ አሜሪካ ነው። እናቴ ቀጠሮ ተይዞ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ትሄዳለች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ስማችን ሲጠራ ወደ ጠባቧ ክፍል እንገባለን። ድምፅ ውቅያኖስ አቋርጦ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። እናቴ «ሃሎ» ትላለች፤ ዝም ይላል። «ሃሎ» ትላለች፤ የራሷ ድምፅ ይመለስላታል። እሱም እዚያ ማዶ «ሃሎ» ይላል፤ ሁለቱ «ሃሎ»ዎች መንገድ ላይ ይጋጫሉ። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። ከተከፈለበት ደቂቃ ስንቱ በዚህ እንዳለቀ እግዚአብሔር ይወቀው። እናቴ ግን ደቂቃው ባከነ ብላ ስታማርር አልሰማኋትም። ስትወጣ «ድምፁን ሰማሁት» ነበር የምትለው። ምን አለሽ ለሚሏት ጎረቤቶች መጀመሪያ የምትነግራቸውም ይህንኑ ነው። የተወራው ሁለተኛ ነው።

አሁን ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ሆኗል። አንዷ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዋ ጋ ሲደወል «አሎ» ትላለች፤ ማታ ሁሉም ሲተኛ ወደ ደሴ ትደውልና «ሃሎ» ትላለች። አንዱ ዋሽንግተን ነው፤ ሥራ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ «ሄሎ» ይላል፤ እናቱ ጋ ሲደውል ግን አፉ «ሃሎ» ወደሚለው ይመለሳል። አንድ ቃል ነው፤ ሁለት ቦታ ተለይቶ ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አብረው አሉ። ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ሲገናኙ «ሄሎ»ም ይላሉ፣ «ሃይ»ም ይላሉ። ስልክ ሲያነሱ ግን «ሃሎ» ነው። ማንም ልዩነቱን አላስተማራቸውም። በ«ሄ»ና በ«ሃ» መካከል ያለችው ጠብታ ልዩነት ሰላምታን ከጥሪ ትለያለች።

ልጆቹ አድገው ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ሲጀምሩም ቃሉ ይጠብቃቸዋል። ኮምፒውተሩ «ሄሎ፣ ወርልድ» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ የመጀመሪያው ልምምድ ነው። ልማዱ በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተጀምሮ በየአገሩ ተለምዷል። ፕሮግራሙ መሥራቱን ማረጋገጫ ነው። አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ኤዲሰን ከፒትስበርግ ወዳጁ ጋር ሲነጋገር የፈለገውም ይኸው ነበር።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ነገር እያስተዋልኩ ነው። «ሃሎ» ራሱ ከስልካችን እየቀነሰ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስልኩ ሳይነሳ የደዋዩ ስም ስክሪን ላይ ይወጣል። ማን እንደሆነ ካወቅን፣ አለህ ወይ ማለት አያስፈልገንም። ታዲያ ምን እንላለን? እህቴ ስደውልላት «ወዬ!» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ አባታችን ሲደውሉ «አቤት አባዬ» ይላል። ጓደኛዬ «እሺ፣ የት ጠፋህ?» ብሎ ይጀምራል። «ወዬ» እና «አቤት» በስሙ የተጠራ ሰው የሚመልሳቸው ቃላት ናቸው። ከማዶ ሲጠራ፣ ከጓዳ ሲጠራ፣ ከደጅ ሲጠራ የሚባሉ። የስልኩ መጥሪያ የእኛን ስም እንደመጥራት ሆኖ ስለሚሰማን፣ መልሱ ራሱን ችሎ ከአፋችን ይወጣል። ስክሪን ላይ ስም መውጣት ከጀመረ ወዲህ የድሮው የአማርኛ የጥሪ ሥርዓት ስልኩን ወርሶታል። «ሃሎ» የቀረው ለማናውቀው ቁጥርና ለተቆራረጠ ኔትወርክ ነው።